ሩዙ እስኪነሳ

ወረታ ውስጥ ከአስፋልቱ ጀርባ፣ የሩዝ መፈልፈያዎቹ በተደረደሩበት በኩል፣ የተከመረው ገለባ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ይውላል። ነበልባል የለውም። ጭሱም እንደ እንጨት ጭስ ዓይን አያቃጥልም፤ ትንሽ የቆሎ፣ ትንሽ የረጠበ ጭቃ ሽታ አለው። ባለፈው ኅዳር ሩዝ ላስፈለፍል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ያ ሽታ አገኘኝና፣ ከጎኔ ከነበረችው ሴት ጋር የጀመርኩትን ወሬ መሐል ላይ አቆምኩት።

«ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ አያቴ ትዝ ብላኝ ነው።»

«አሉ?»

«የለችም።»

«ነፍስ ይማር» አለችና ጆንያዋን በጉልበቷ ወደ ፊት ገፋ አደረገች።

ቤቴ ከገባሁ በኋላም «አያቴ» ማለቴ አልለቀቀኝም። እሷን እንደዚያ ብዬ መጥራት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አሥር ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ እናቴ ነበረች። አያቴ የሆነችው በአንድ የሩዝ ወቅት ውስጥ ነው፤ መስከረም ላይ ተጀምሮ ታኅሣሥ ላይ አለቀ። ነገር ሳላጣራ መተው አልወድምና ያን ወቅት እንዳስታወስኩት ልጽፈው ነው።

በኛ በኩል ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። ልጁ ቆም ቆም ሲልና እህል መቅመስ ሲጀምር ደግሞ ጡት ለማስጣል ወደዚያው ወደ አያቱ ይላካል፤ እናቱን በዓይኑ እያየ አይተውማ። ጡት ላይ መራራ የግራዋ ቅጠል መቀባት፣ ሬት መቀባት የሚባለው አያት ለሌላቸው ነው። አያት ያለው ልጅ ይታዘላል፤ ሲያለቅስ ይባበላል፤ ካልሆነም የደረቀውን የአያቱን ጡት ይጎርሳል፤ ቀን ሲገፋ ይረሳዋል። ከዚያ ብዙዎቹ ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ግን አይመለሱም። አያቲቱ ባሏ ይሞትባታል፣ እናቲቱ ሌላ ታረግዛለች፣ ክረምት ይገባና መንገዱ ይዘጋል፤ ልጁ በዚያው ይቀራል። ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ከነዚህ ነኝ።

የወለደችኝ ስንዱ ትባላለች። ታናናሾቿ «እታለም» ይሏት ስለነበር እኔም እታለም ነበር የምላት። ወረታ ትኖራለች። ባሏ የሐሙሲት ሰው ነው፣ መፈልፈያ ቤት ይሠራል፤ እሱን ደግሞ «የእታለም ባል» እለዋለሁ፤ አባቴን መሆኑ ነው። አልደበቁኝም። ያየኝ ሰው ሁሉ «የወለደችሽ እሷ ናት» ይለኝ ነበር፤ እኔም «እሺ» እላለሁ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ያለው ይመስለኝ ነበር፤ አንድ የወለደች፣ አንድ እናት። የጎረቤታችንን ልጅ እናቷ ስትገርፋት አይቼ «የወለደችሽ የት ነው ያለችው? ሄደሽ ለምን አትነግሪባትም?» ብያት፣ ልጅቱም እናቷም ለቅሶና ቁጣቸውን ትተው ሲስቁብኝ ዋሉ።

እናቴ የምላት አያቴን ነበር፤ እምዬ። ስሟ ጥሩነሽ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሄድ ወደ አንድ ወገን ዘንበል የምትል ሴት ነበረች። መሬቷን አያ ሙሉ የሚባሉ ጎረቤታችን በእኩል ያርሱላታል፤ ከማረስ ሌላ ያለውን ግን ለማንም አትተውም። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ ውስጥ እስከ ባቷ ቆማ ሩዙን በእጇ ታርማለች። እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ የነቀለችውን አረም አቅፌ ወደ ዳር አወጣለሁ። ማታ አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ጋቢ ውስጥ፣ ግንባሬን ጀርባዋ ላይ አስጠግቼ እተኛለሁ። ጀርባዋ የቅቤና የማሳ ጭቃ ሽታ ነበረው። ሌላ ሰው ሌላ ሽታ ሊኖረው እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

መስከረም ላይ ውኃው ከሜዳው ይሸሻል። ክረምቱን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ቤታችን ያለችበት ጉብታ ደሴት ሆና ትከርማለች፤ ጎረቤት ለጎረቤት የምንጠያየቀው ከበራፍ በራፍ እየተጣራን ነው። መስቀል ሲቃረብ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ጣና ይመለሳል። እዚያ ዘመድ ያለው፣ ለበዓል የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

እታለም የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ። እግሯን አጠብኳት። ሳጥባት እጄን ያዘችና ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ እኔን ወደ ጓዳ ሰደዱኝ። ጓዳችን ከሳሎኑ የሚለየው በጎታ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ጓዳ ሂጂ ማለት እዚያ ሆነሽ ስሚ ማለት ነው።

«ምዝገባው ሊያልቅ ነው» አለች እታለም።

«የምን ምዝገባ?»

«የትምህርት ቤት ነዋ። አሥር ዓመቷ እኮ ነው። ታናሿ ሁለተኛ ክፍል ገባ።»

«ሩዙስ?»

«ሩዙ ምን?»

«ወፉን ማን ይጠብቃል? እኔ ማማ ላይ ልውጣ በዚህ ጉልበቴ?»

«ወፍ ልትጠብቅልሽ ነው እንዴ የሰጠሁሽ?»

ጆሮዬን ጎታው ላይ ለጠፍኩ።

«ታዲያ ለምን ነው የሰጠሽኝ?» አለች እምዬ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

«ጡት አስጥይልኝ ብዬ ነዋ። ስምንት ዓመት ሙሉ ነው እንዴ ጡት የሚያስጥሉት?»

«መልሺልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እናቴን ‹ልጄን መልሺ› ልበላት? ያውም አባዬ በሞተ ሰሞን? ምን ዓይነት ሰው ነው እንደሱ የሚል?»

«እኔስ? ‹ነይና ውሰጂልኝ› ብልሽ፣ እህሌን ጨረሰችብኝ ማለቴ አይደለም? ልጅ አባረረች ልባል?»

እታለም ማልቀስ ጀመረች። እምዬ እስኪወጣላት ተወቻት። ሲበቃት፣ «ሩዙ ይነሳ» አለች። «ሩዙ ሲነሳ ትመጣልሻለች።»

ያን ያህል ዓመት ሁለቱ ሲጠባበቁ ነው የኖሩት። አንዷ እስክትጠየቅ፣ ሌላዋ እስኪሰጣት። ሁለቱም ክፉ ላለመባል። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው፤ ሩዙ እስኪነሳ ብቻ ቤት እንዳለኝ።

ልሄድ አልፈለግሁም። ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እታለምን ደግሞ የማውቃት በእንግድነት ነው። እንግዳ መጥቶ «በሉ ልጅቱን» ብሎ ይዞ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ወፍ አንዲት ፍሬ እንዳይቀምስ አድርጌ ብጠብቅ፣ እምዬ ካለኔ እንደማይሆንላት ታያለች፤ ስታይ ደግሞ አትለቀኝም።

ማማው ከአራት ግንድ የተሠራ፣ ላዩ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ያለ ቆጥ ነው። ከዚያ ላይ ማሳው ሁሉ ይታያል፤ አየሩ ከጠራ ጣራ ገዳም ያለበት ተራራ ጠቆር ብሎ በሩቁ ይታያል። ጥቅምት ሲገባ ሩዙ አንገቱን መድፋት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የሚሸተው ሽታ የወተት ነው፤ ፍሬውን በጥርስ ነክሰው ሲያዩትም ወተት ነው የሚወጣው። ወፎቹ የሚመጡት ያን ጊዜ ነው። ግሪሳ ለብቻው አይመጣም፤ እንደ ደመና ጥላውን መሬት ላይ እየጎተተ ነው። እኔ ደግሞ ፀሐይ ሳትወጣ እዚያ ነኝ፤ ጅራፍ አጮሃለሁ፣ ቆርቆሮ እደበድባለሁ፣ በወንጭፍ የደረቀ ጭቃ እወረውራለሁ። ድምፄ ተዘግቶ እንደ ሽማግሌ ይሻክር ነበር።

አያ ሙሉ በሥር ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩኛል።

«የሩዙ እመቤት፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትናንት እኮ ባርኔጣዬን በወንጭፍሽ ልትጥዪው ነበር።»

«ወፍ መስለውኝ ነው።»

«ጺም ያላት ወፍ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሩቅ ስለነበሩ ነው።»

«በይ እንግዲህ፣ እሑድ እሑድ ለወፎቹም ትንሽ ተይላቸው፤ ፍጡር ናቸው» ብለው እየሳቁ ይሄዳሉ። ማታ ለእምዬ ሲነግሯት እሰማለሁ፤ «ይቺ ልጅ አድጋለች እኮ ጥሩነሽ፤ ከትልቅ ሰው በላይ ናት።» እኔ ይህን ስሰማ ዘዴዬ የሠራልኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። እምዬ ግን ስታመሰግነኝ አልሰማሁም። እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

ነገሩ የተለወጠው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ማታ ለመተኛት ስመጣ ከመደቡ ባሻገር ሌላ ቁርበት ተነጥፎ አየሁ። ላዩ ላይ ሌላ ጋቢ አለ።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ለምን?»

«እግርሽ ረዘመ። ትረግጪኛለሽ።»

ረግጫት አላውቅም። ተኛሁ፤ ጋቢው የሳጥን ሽታ ነበረው። በማግሥቱ ምሳ ላይ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ ቁራሹን በትንሽ ሳህን ለብቻዬ አቀረበችልኝ፤ እስከዚያ ቀን በእጇ ሳታጎርሰኝ ከገበታ ተነሥቼ አላውቅም። «እንኮዬ» እያለች ታቆላምጠኝ የነበረውን ትታ በክርስትና ስሜ ጠራችኝ፤ እኔም መጀመሪያ ማንን እንደምትጠራ ስላልገባኝ ዘወር ብዬ አየሁ። ከማማው ስወርድ የግንዱ ቅርፊት ቧጥጦኝ ክንዴ ደምቶ እያለቀስኩ ስመጣ፣ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ውኃ እዚያ አለ። እጠቢው» አለች።

«አንቺ እጠቢልኝ።»

«እጅ አለሽ አይደል?»

ታጠብኩ። ስታጠብ ቀና ብዬ ሳያት ሰፌዱ ላይ የለቀመችውን ሩዝ መልሳ ካልተለቀመው ጋር ትደባልቅ ነበር። ተቆጥታ ነው አልኩ። ምን እንዳጠፋሁ ማሰብ ያዝኩ። ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማሳው ጥግ ላይ፣ ከግራሩ ሥር፣ ወፍ የበላው ዘለላ ነበር። ስለዚህ ወፍ መጠበቁን አበረታሁ። ቁርሴን ማማው ላይ መብላት ጀመርኩ፤ ጀንበር እስክትጠልቅም አልወርድም። አሁን ሳስበው፣ እሷ ባራቀችኝ ቁጥር እኔ የበለጠ እሠራለሁ፤ እኔ በሠራሁ ቁጥር እሷ አድገሻል ትላለች። እርስ በርሳችን እንዲህ ስንጎዳዳ ሩዙ ቢጫ ሆነ።

ኅዳር ላይ አጨዳው ደረሰ። አያ ሙሉ ወንፈል ጠርተው ሰዎች መጡ፤ ማጭዱ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ደረቅ ጨርቅ እንደመቅደድ ነው። ከፊታቸው ያለው ሩዝ እያነሰ፣ ከኋላቸው ያለው ቃርሚያ እየሰፋ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የቀረው የግራሩ ጥግ ብቻ ነበር፤ ከሁለት መደብ የማይበልጥ። ሰዎቹ ውኃ ሊጠጡ ወደ ጥላው ሲሄዱ እኔ ሄጄ መሐሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አሥር ዓመቴ ነው። ሩዝ ስለተቀመጡበት ሳይታጨድ እንደማይቀር አውቃለሁ። ግን ተቀመጥኩ። ዘለላው ከራሴ በላይ ነበር፤ ከውጭ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው። ሥሩ ይሞቃል፣ ይሸታል፤ ጉንዳን እግሬ ላይ ወጣ።

አያ ሙሉ መጀመሪያ አገኙኝ።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይቺን ይተዋት።»

«ለማን?»

«ለወፎቹ። ፍጡር ናቸው ብለው የለም?»

ሊስቁ ፈልገው ሲያዩኝ ተውት። ዞረው ሄዱ። ከዚያ የእምዬ እግር መጣ፤ እግሯን ከሺ እግር መሐል እለየዋለሁ። ማጭድ ይዛለች። ተነሺ አላለችኝም። ጎንበስ ብላ ከዳሩ ጀመረችና ዙሪያዬን ታጭድ ያዘች። እጄን ዘርግቼ አንዱን ዘለላ ያዝኩ፤ እሷ ከሥሩ ቆረጠችውና እጄ ላይ ተወችልኝ። እየተነፈሰች፣ እያረፈች፣ ከኔ አንድ ክንድ እስኪቀራት ድረስ ዞረች። በመጨረሻ በቃርሚያ መሐል ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። የምሸሸግበት ነገር ስላልነበረ ተነሣሁ።

«አሁን ተነሣ» አለች ለአያ ሙሉ። ሩዙን ማለቷ ነው። ድምፅዋ ግን እንደኔ የሻከረ ነበር።

ተወቃ፣ ተነፈሰ፣ ጎታው ሞላ። አንድ ጠዋት ጸጉሬን ሠርታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝ። ትንሽ ሩዝ በከረጢት አዝላ እኔን አስቀደመችኝ። መንገዱን ሙሉ ስለማይረባ ነገር አወራን፤ ስለ አያ ሙሉ በሬ፣ ስለ ሽንኩርት ችግኝ። ርብን ስንሻገር እጄን ያዘችኝ፤ ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው፣ ብቻዬን እሻገር ነበር። ማዶ ስንወጣ ለቀቀችኝ።

የእታለም ቤት በራፉ አስፋልቱን ያያል። እታለም ልብስ ስታጥብ አረፋው እስከ ክርኗ ሆኖ ወጣች። እምዬ አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ።

«ስንዱ፣ ልጅሽን አስጥዬ አምጥቼልሻለሁ» አለች።

እታለም መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አረፋ በሆነው እጇ አፏን ያዘች። እኔም ያኔ ነው የገባኝ፤ ቁርበቱም፣ ሳህኑም፣ የክርስትና ስሜም ምን እንደነበሩ። ግራዋ ነበሩ። ዞር ብዬ ሳያት እምዬ ከረጢቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ መንገድ ጀምራለች። ዘንበል እያለች ሄደች፤ ዞራ አላየችም።

ትምህርቱ ስለተጋመሰ «ለጊዜው ታዳምጥ» ብለው አንደኛ ክፍል ከሕፃናቱ ጋር አስቀመጡኝ። ጉልበቴ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ልጆቹ «አክስት» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ፊደሉ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደ ወፍ እየመጣ እንደ ወፍ አይሄድም። የሚከብደኝ ቤት ውስጥ ነው። የወለደችኝን ምን ብዬ እንደምጠራት አላውቅም። ወንድሞቼ «እማዬ» ይሏታል። «እታለም» ልላት ስል ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ሳልጠራት አጠገቧ ሄጄ እቆማለሁ፤ እስክታየኝ። እሷም ሥራ አታዘኝም። ወንድሞቼን ስትጮህባቸው፣ ስትልካቸው፣ ስትቆጣቸው ትውላለች፤ እኔን ግን «አረፍ በይ» ትለኛለች። እኛ ቤት እንዲያ የሚባለው እንግዳ ነው።

በቀጣዩ ገበያ ቀን እምዬ መጣች። ሮጬ ሄድኩ። ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ቀጥላ ታናሼን፣ ቀጥላ ትንሹን፤ ሁላችንንም እኩል። ለእንግዳ የሚወጣው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጠላ ቀረበላት፤ ቀመስ አድርጋ አስቀመጠችው። ስለ ገበያው ተወራ። እኔ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ ጭቃ የደረቀበትን የቀሚሷን ጫፍ እይዛለሁ፤ አልነጠቀችኝም፣ አላየችኝምም። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ስንዱ፣ ክብሪት ረስቼ ነው የመጣሁ። ልጅሽን ልላካት?» አለች።

በኛ አገር ልጅ ለመላክ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። መንገድ ላይ ያገኘሽ የማታውቂው ሽማግሌ እንኳ «ነይ እዚህ» ብሎ ይልክሻል፤ እሺ ብለሽ ትሮጫለሽ። እምዬ ደግሞ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ስትልከኝ የኖረች ናት።

«እምዬ ደግሞ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አለች እታለም፣ ፊቷ ልውጥ ብሎ። «የምን መጠየቅ ነው?»

«የሚጠና ይኖራት እንደሁ ብዬ ነው።»

ሳንቲሙን በመዳፏ እንደያዘች፣ ለኔ ሳትዘረጋ፣ ልጇን እያየች ጠበቀች። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም። እታለም ወደሷ አየች፣ ወደኔ አየች።

«ተነሺ ልጄ» አለችኝ። «ክብሪት ገዝተሽላት ነይ። መንገዱን ስትሻገሪ መኪና እያየሽ።»

ያን ጊዜ ነው እምዬ መዳፏን የዘረጋችልኝ።

«እሺ፣ እማዬ» አልኩና ተነሣሁ። የሁለቱን ፊት ማየት ስላልቻልኩ ፈጥኜ ወጣሁ።